ጥቁሩ ግስላ ጁላ ግሮሺች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «16 ከ50» እና «5 ከ50» ስንል በበሩ ፊት ያሉትን ትልቁንና ትንሹን ሳጥን ማለታችን ነው።

ጁላ ግሮሺች ማን ነው?

የሃንጋሪ በረኛ ነው። ከ1947 እስከ 1962 ለብሔራዊ ቡድኑ 86 ጊዜ ተሰልፏል። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ አጥልቋል፤ በ1954፣ በ1958 እና በ1962 የዓለም ዋንጫዎች ላይም ተጫውቷል። ፈረንጽ ፑሽካሽ፣ ሻንዶር ኮቺሽ፣ ናንዶር ሂደግኩቲ፣ ዮዠፍ ቦዢክና ዞልታን ፂቦር የነበሩበት «ወርቃማው ቡድን» በረኛ እሱ ነበር። ያ ቡድን ከ1950 አጋማሽ ጀምሮ ከ4 ዓመት በላይ፣ ከ30 በሚበልጡ ይፋዊ ጨዋታዎች ሳይሸነፍ ቆይቶ የተሸነፈው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ።

የተወለደው ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1926 ከቡዳፔስት ብዙም በማትርቀው የከሰል ማዕድን ከተማ በዶሮግ ነው። አጥባቂ ካቶሊክ የነበሩት እናቱ ቄስ እንዲሆንላቸው ይመኙ ነበር። ኳስ የጀመረው በዚያው በትውልድ ከተማው ክለብ ሲሆን በ1950 ወደ ጦር ሠራዊቱ ክለብ ወደ ሆንቬድ ገባ። ያረፈው ጁን 13 ቀን 2014 በቡዳፔስት፣ በ88 ዓመቱ ነው።

ስሙ እንዴት ነው የሚነበበው?

«ጁላ ግሮሺች»። በሃንጋሪኛ «ኤስ» የምትባለው ፊደል «ሽ» ተብላ፣ «ሲ» እና «ኤስ» ተከታትለው ሲመጡ ደግሞ «ች» ተብለው ይነበባሉ። ፊደሉን በእንግሊዝኛ ልማድ አንብበው «ግሮሲክስ» የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው። የመጀመሪያ ስሙ መነሻ ድምፅ በ«ጅ» እና በ«ድይ» መካከል ያለ ነው፤ ለአማርኛ ጆሮ የሚቀርበው «ጁ» ነው። ሃንጋሪዎች የቤተሰብ ስም ስለሚያስቀድሙ በአገሩ ሰነዶች ላይ «ግሮሺች ጁላ» ተብሎ ቢገኝ የተለየ ሰው እንዳይመስላችሁ።

«ጥቁሩ ግስላ» ለምን ተባለ?

ከላይ እስከ ታች ጥቁር ስለሚለብስ፣ ሲወረወርም እንደ አውሬ ስለሚፈተለክ። የሃንጋሪኛው ቅጽል ስም «ፈኬቴ ፓርዱትስ» ነው። «ጥቁር ነብር» ብሎ መተርጎምም ያስኬዳል፤ ነገር ግን እኛ ለጥቁሩ ነብር ግስላ የሚል የራሱ ስም ስላለን እሱን መርጠናል።

ፈር ቀዳጅ የሚያሰኘው ምኑ ነው? ጎል ማዳኑ ነው?

አይደለም፤ ጎል የሚያድኑ በረኞች ከሱ በፊትም ሞልተው ነበር። እሱን የሚለየው የሚቆምበት ቦታ ነው።

በዚያ ዘመን በረኛ ኑሮው 5 ከ50 ውስጥ ነበር። ኳስ ሲመጣ ይይዛል፣ ከዚያ በረጅሙ ወደ መሐል ሜዳ ይለጋል፤ ሥራው በዚህ ያበቃል። ግሮሺች ግን ቡድኑ ሲያጠቃ ወደ 16 ከ50 ጠርዝ ይወጣል፣ በተከላካዮቹ ጀርባ የምትሾልክን ኳስ ከሳጥኑ ውጪ ድረስ ሮጦ በእግሩ ያጸዳል። የኋላ መስመሩ ላይ አንድ ተጨማሪ ተከላካይ ሆነ ማለት ነው።

ይህ የግል ድፍረት ብቻ አልነበረም፤ የቡድኑ አሠራር ያስገደደው ነው። አሰልጣኙ ጉስታቭ ሼበሽ አጥቂውን ሂደግኩቲን ወደ መሐል ሳቡት። ዮዠፍ ዛካሪያሽ ከአማካይ ቦታ ወርዶ ከጁላ ሎራንት ጎን እንዲቆም፣ የመስመር ተከላካዮቹ ዬኖ ቡዛንስኪና ሚሃይ ላንቶሽም ወደ ፊት እንዲወጡ አደረጉ። ቡድኑ በሙሉ ወደ ተጋጣሚው ሜዳ ሲገፋ በጀርባው 30 እና 40 ሜትር ባዶ ሜዳ ይቀራል። አንዲት ሰንጣቂ ኳስ ያንን ሁሉ ሥራ ልታፈርስ ትችላለች። ያንን ባዶ ሜዳ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ የቀረው ሰው ደግሞ በረኛው ብቻ ነው። ግሮሺች ባይኖር የሂደግኩቲ ነፃነት እንዲያ አይሆንም ነበር ብለን በልበ ሙሉነት እንናገራለን። ስለዚያ ቡድን ሲነሳ ፊት ያሉት አምስቱ ብቻ መወደሳቸው ግማሹን ታሪክ መተው ነው።

ሌላው ለውጥ ኳስ ማስጀመሩ ነው። ኳስ እንደያዘ ነፃ ወደሆነው የመስመር ተከላካይ በእጁ ይወረውራል። ረጅም ልግ አየር ላይ ስትቆይ ተጋጣሚው ተደራጅቶ ይጠብቃታል፤ ውርወራ ግን ፈጣን ናት፣ የት እንደምታርፍም ይታወቃል።

እንዲህ የተጫወተ የመጀመሪያው እሱ ነው?

ብቸኛው አልነበረም። በዚያው ዘመን አርጀንቲናዊው አማዴኦ ካሪሶ ለሪቨር ፕሌት ከሳጥኑ እየወጣ ይጫወት ነበር። የግሮሺች ልዩነት ይህን አጨዋወት የአንድ ትልቅ ቡድን ስልት አካል አድርጎ በዓለም ዋንጫና በዌምብሌይ፣ ዓለም ሁሉ እያየ መጫወቱ ነው። ብዙ ጊዜ ከሱ ጋር የሚነጻጸረው ጥቁር ለባሹ ሌቭ ያሺን ለሶቪየት ኅብረት መሰለፍ የጀመረው በ1954 ነው፤ ግሮሺች በብሔራዊ ቡድን 7 ዓመት ይቀድመዋል።

በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግ ከዛሬው በምን ይለያል?

ይህን ሳያውቁ የቆዩ ምስሎችን ማየት ያሳስታል። ከጓደኛ እግር የመጣን ኳስ በእጅ ማንሳት የተከለከለው በ1992 ነው። ስለዚህ ግሮሺች በእግሩ መጫወት የመረጠው ሕግ አስገድዶት አይደለም፤ አዋጪ መሆኑ ስለታየው ነው። ኳስ ይዞ ከአራት እርምጃ በላይ መሄድ አይፈቀድም ነበር፤ በምስሉ ላይ በረኞች ኳሷን መሬት ላይ እያነጠሩ የሚሄዱት ለዚህ ነው። ኳስ የያዘን በረኛ በትከሻ መግፋትም ይቻል ነበር። በዓለም ዋንጫ ደግሞ እስከ 1970 ድረስ ቅያሪ አልነበረም፤ በረኛው ቢጎዳ ከሜዳ ተጫዋቾች አንዱ ጓንት ሳይኖረውም ቢሆን በሩ ላይ ይቆማል።

የሱን አቋቋም ዛሬ ለወጣት በረኛ ማስተማር የምፈልግ አሰልጣኝ ነኝ። ከየት ልጀምር?

ከርቀት ጀምር። በረኛው የሚቆምበትን ቦታ የምትወስነው ኳሷ ናት። ለአዋቂዎች ሜዳ መነሻ የሚሆነው ልክ ይህ ነው፦ ኳሷ በተጋጣሚ ሜዳ ውስጥ ስትሆን በረኛው 16 ከ50 ጠርዝ ላይ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ስትሆን የፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ ዘንድ (11 ሜትር)፣ ተጋጣሚ ከ30 ሜትር ውስጥ ገብቶ መምታት ሲችል ደግሞ ከመስመሩ 3 ወይም 4 ሜትር ላይ ይቁም። የተከላካዮቹ መስመር ሲወጣ አብሮ ይወጣል፣ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፤ በገመድ የታሰሩ ያህል። በእሱና በመጨረሻው ተከላካይ መካከል ከ25 ሜትር በላይ ከተከፈተ አንዱ ቦታውን ስቷል።

ከዚያ ውሳኔ ይመጣል። ሰንጣቂዋ ኳስ ከአቀባዩ እግር ከመውጣቷ በፊት በረኛው የአቀባዩን አንገት ማየት አለበት። አንገቱን ቀና አድርጎ እግሩን ወደ ኋላ ከሳበ ረጅም ኳስ እየመጣች ነው። በረኛው የሚወጣው ከአጥቂው ቀድሞ እንደሚደርስ ሲያምን ብቻ ነው፤ ከወጣ ደግሞ መሐል ላይ ማቆም የለም። ሲወጣ «የኔ!» ብሎ ይጩህ። ካልጮኸ ተከላካዩም ይሮጥና ሁለቱ ተጋጭተው ኳሷ ባዶ በር ፊት ትቀራለች።

ሦስተኛው አጽድቶ መጣል ነው። ከሳጥን ውጪ ኳስ ላይ የደረሰ በረኛ ጫና ካለበት ወደ ጎን መስመር፣ ከፍ አድርጎ ይለጋ። ወደ መሐል የተለጋች ኳስ ከባዶ በር ፊት ተጋጣሚ እግር ላይ ልታርፍ ትችላለች።

ለልምምዱ 12 ኳስ፣ አንድ በረኛ፣ ሁለት ተከላካዮች፣ ሁለት አጥቂዎችና 45 ሜትር ላይ የሚቆም አንድ አቀባይ ይበቃሉ። 6፣ 11 እና 16 ሜትር ላይ ምልክት አስቀምጥ። አቀባዩ 4 ኳስ ለበረኛው የምትቀርብ፣ 4 ኳስ ለአጥቂው የምትቀርብ፣ 4 ኳስ ደግሞ በቀጥታ ከበረኛው ራስ በላይ ወደ በሩ የምትሄድ ያድርግ፤ ተራውን አይናገር። ልጁ ስንት እንዳዳነ አትቁጠር። ስንቴ ትክክል እንደወሰነ ቁጠር፦ መውጣት በነበረበት ወጣ? መቆየት በነበረበት ቆየ? ከ12ቱ 9ኙን በትክክል እስኪወስን ፍጥነት አትጨምርበት።

ወደ ፊት መውጣት ለምን ይጠቅማል? በሩን ባዶ አያደርገውም?

በሩ 7.32 ሜትር ይሰፋል። አጥቂ ከበሩ ፊት ለፊት 16 ሜትር ላይ ሆኖ ሲመታ መስመሩ ላይ ያለ በረኛ ሙሉ 7.32 ሜትሩን መሸፈን ይኖርበታል። ያው በረኛ 6 ሜትር ወጥቶ ቢጠብቀው ግን እሱ ባለበት ቦታ ላይ መሸፈን ያለበት ስፋት ወደ 4.6 ሜትር ይወርዳል። በግራና በቀኝ እጁን ዘርግቶ ለሚወረወር ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

አደጋው ከላይ በምትወርድ ኳስ ነው። ከ40 ሜትር ከፍ ተደርጋ የተላከች ኳስ አየር ላይ ሦስት ሰከንድ ያህል ትቆያለች። ብዙ ወጣቶች የሚሸነፉት ርቀው በመውጣታቸው ሳይሆን በጀርባቸው እያፈገፈጉ በመሮጣቸው ነው፤ በጀርባ የሚሮጥ ሰው ይዘገያል፣ ተረከዙም ይይዘውና ይወድቃል። ትክክለኛው አንድ ትከሻ አዙሮ፣ እግርን እያቋረጡ ወደ ጎን መሮጥና ዓይንን ከኳሷ አለማንሳት ነው። ኳሷ ስትደርስ በበሩ አቅጣጫ ባለው እጅ ሳይሆን በተቃራኒው፣ በላይኛው እጅ ከአግዳሚው በላይ መግፋት ይቀላል።

ሌላ የዛሬ አደጋ አለ። ከሳጥን ውጪ ዘግይቶ ደርሶ ግልጽ የጎል ዕድል ያጨናገፈ በረኛ በቀይ ካርድ ይወጣል፤ ኳሷን በእጁ ቢነካም እንደዚያው። በግሮሺች ዘመን ካርድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በዓለም ዋንጫ የገባው በ1970 ነው።

ዌምብሌይ ላይ ምን ተፈጠረ?

ኖቬምበር 25 ቀን 1953 ሃንጋሪ እንግሊዝን 6 ለ 3 አሸነፈች። እንግሊዝ በሜዳዋ ከአውሮፓ አህጉር በመጣ ቡድን ስትሸነፍ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ሂደግኩቲ ገና ደቂቃ ሳይሞላ አስቆጥሮ በአጠቃላይ ሦስት አገባ። ግሮሺች ላይ የገቡት ሦስቱ የሰዌል፣ የሞርተንሰንና በፍጹም ቅጣት ምት የራምሴ ናቸው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ተጎድቶ ወጣና ሻንዶር ጌለር ተተካ፤ የወዳጅነት ጨዋታ ስለሆነ ቅያሪ ተፈቅዶ ነበር። የመልሱ ጨዋታ ሜይ 23 ቀን 1954 ቡዳፔስት ላይ 7 ለ 1 አለቀ።

ያንን ፊልም የምታዩ ከሆነ ሃንጋሪዎች ሲያጠቁ ቆይተው ኳስ ሲቀሙ ካሜራው ወደ ኋላ የሚዞርበትን ቅጽበት ጠብቁ። ግሮሺች ወደ ምስሉ ሲገባ ከመስመሩ ምን ያህል እንደራቀ እዩ፤ ከዚያ በሌላው በር ያለውን ጊል ሜሪክን እዩ።

በ1954ቱ ፍጻሜ ሃንጋሪ የተሸነፈችው በሱ ጥፋት ነው?

በጣም የሚጠየቅ ነው፤ መልሳችን «አይደለም» ነው።

ጁላይ 4 ቀን በስዊዘርላንዷ በርን ከተማ፣ በዝናብ፣ ሃንጋሪ ምዕራብ ጀርመንን በ8 ደቂቃ ውስጥ በፑሽካሽና በፂቦር 2 ለ 0 መራች። ያንኑ ቡድን በምድብ ጨዋታ 8 ለ 3 ቀጥታው ነበር። በ10ኛው ደቂቃ ማክስ ሞርሎክ በሃንጋሪ ተከላካይ የተነካችን ኳስ ተንሸራትቶ አገባ። በ18ኛው ደቂቃ ፍሪትስ ቫልተር የማዕዘን ምት አሻማ፤ ግሮሺች ለመያዝ ሲዘል ሃንስ ሼፈር አብሮት ዘሎ አደናቀፈው፣ ኳሷ አልፋ ሄልሙት ራን እግር ላይ ወደቀች፤ እሱም አገባት፣ 2 ለ 2። ዳኛው ዊሊያም ሊንግ አልነፉም። በኛ ዓይን ኳስ ያልያዘን በረኛ በአየር ላይ ማደናቀፍ በዚያን ጊዜም ጥፋት ነበር።

በ84ኛው ደቂቃ ላንቶሽ በጭንቅላቱ ያወጣት ኳስ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ለራን ደረሰችው። ራን በቀኝ እግሩ የሚመታ አስመስሎ ወደ ግራው አዞረና መሬት ለመሬት መታት። እርጥብ ሣር ላይ የነጠረች ኳስ ፍጥነት ስለምትጨምር ለማንም በረኛ አስቸጋሪ ናት። ግሮሺች ተወርውሮ አልደረሰባትም፤ 3 ለ 2። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ፑሽካሽ አቻ አደረገ ሲባል የመስመር ዳኛው ሜርቪን ግሪፊትስ ከጨዋታ ውጪ ብለው ባንዲራ አነሱ። የዚያን ዕለት የሬዲዮ ተናጋሪ «የእግር ኳስ አምላክ» እያለ የጮኸለት በረኛ ሌላኛው፣ የጀርመኑ ቶኒ ቱሬክ ነበር።

ከፍጻሜው በኋላ ምን ደረሰበት?

ሕዝቡ ቡዳፔስት ላይ በቁጣ አደባባይ ወጣ። በ1954 መገባደጃ ግሮሺች በስለላና በአገር ክህደት ተከሰሰ፤ ከአንድ ዓመት በላይ በቁም እስር ተይዞ ከኳስ ታገደ። ማስረጃ ስላልተገኘ ክሱ ተቋረጠ፤ ወደ ብሔራዊ ቡድን የተመለሰው በ1956 ነው። ቀድሞም በኮሚኒስቱ አገዛዝ ዓይን ጥሩ ስም አልነበረውም፤ በ1949 ከአገር ሊወጣ ሲል ተይዞ ታግዶ ያውቃል። የ28 ዓመት በረኛ፣ ሥራው በሚያብብበት ዕድሜ፣ ያንን ያህል ጊዜ ያለ ጥፋቱ ተነጥቋል። ይህ የሽንፈቱ ግርጌ ማስታወሻ ተደርጎ መታለፉ ተገቢ አይደለም።

በ1956ቱ የሃንጋሪ አብዮት ጊዜ እንደነ ፑሽካሽ በውጭ አገር ቀረ?

አብዮቱ በሶቪየት ታንክ ሲደመሰስ ከቤተሰቡ ጋር ወጥቶ ነበር፤ በ1957 መጀመሪያም ከሆንቬድ ጋር በደቡብ አሜሪካ ተጫውቷል። ፑሽካሽ በኋላ ወደ ሪያል ማድሪድ፣ ኮቺሽና ፂቦር ወደ ባርሴሎና ሄዱ። እሱና ቦዢክ ተመለሱ። ወደ ሆንቬድ ግን እንዲገባ አልተፈቀደለትም፤ ሌላ የማዕድን ከተማ ውስጥ ወዳለው የታታባኛ ክለብ ተላከ፣ እስከ 1962ም እዚያው ተጫወተ።

በ1958 እና በ1962 ውጤቱ እንዴት ነበር?

ስዊድን ላይ ሃንጋሪ በምድቡ የመለያ ጨዋታ በዌልስ 2 ለ 1 ተሸንፋ ወጣች። ቺሊ ላይ ደግሞ እንግሊዝን 2 ለ 1፣ ቡልጋሪያን 6 ለ 1 አሸንፋ ከአርጀንቲና 0 ለ 0 ከወጣች በኋላ በሩብ ፍጻሜ በቼኮዝሎቫኪያ 1 ለ 0 ወደቀች። ግሮሺች ያኔ 36 ዓመቱ ነበር።

አሰልጣኝ ሆኗል?

አዎ፣ በአገሩ ክለቦች፤ በ1960ዎቹም የኩዌትን ብሔራዊ ቡድን አሰልጥኗል። በአሰልጣኝነቱ ግን ያን ያህል አይታወስም።

ጀርመናዊው በረኛ ማኑኤል ኖየር ከሱ ጋር የሚነሳው ለምንድን ነው?

ግሮሺች ያረፈው የብራዚሉ ዓለም ዋንጫ በተከፈተ ማግስት ነው። ከ17 ቀን በኋላ፣ ጁን 30 ቀን 2014፣ ፖርቶ አሌግሬ ላይ ኖየር ከአልጄሪያ ጋር ሲጫወት ደጋግሞ ከሳጥኑ ውጪ ሮጦ ኳስ አጸዳ። ብዙ ሰው አዲስ ነገር ያየ መሰለው። አልጄሪያዎች በፍጥነት የሚያጠቁት ወደ ፊት ከወጣው የጀርመን ተከላካይ መስመር ጀርባ ነበር፤ ችግሩም መፍትሔውም የሼበሽ ቡድን በ1950ዎቹ የገጠመውና የፈታው ነው።

የፈረንጽቫሮሽ 1 ቁጥር ማልያ ታሪክ እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1962 ወደሚወደው ክለብ ወደ ፈረንጽቫሮሽ ሊዛወር ፈልጎ ነበር፤ አልፈቀዱለትም፣ በዚያው መጫወት አቆመ። ማርች 2008 ክለቡ ከእንግሊዙ ሼፊልድ ዩናይትድ ጋር በቡዳፔስት የወዳጅነት ጨዋታ ሲያደርግ የ82 ዓመቱን አዛውንት አስፈረመው። ግሮሺች የበረኛ ልብሱን ለብሶ ገባ፣ የመጀመሪያዋን ኳስ ነካ፣ ከዚያም ተቀይሮ በጭብጨባ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ 1 ቁጥር ማልያው ለሌላ እንዳይሰጥ ክለቡ ወሰነ።